ለታክሲ ይሁንህ

አባቴ በሕይወቱ ብር ሰጥቶኝ አያውቅም። የሰጠኝ ለእስክሪብቶ፣ ለጫማ፣ ለፀጉር መቆረጫ፣ ለመጽሐፍ ነው፤ አድጌ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ለታክሲ። እኛ ቤት ስም ያልወጣለት ብር ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። የእኛ ቤት ጠባይ ብቻም አይደለም። አራስ ልትጠይቅ የሄደች ሴት ትራስ ሥር የምትተወው «ለሳሙና» ነው። ጉዳይ የሚያስፈጽመው ሹም የሚቀበለው «ለሻይ» ነው፤ ያን ሁሉ ሻይ ጠጥቶ በሕይወት መቆየቱ ነው የሚገርመኝ። ለማኙ እንኳ እጁን የሚዘረጋው «ለዳቦ» ብሎ ነው። በዚህ አገር ራቁቱን የሚሄደው የሌባ ብር ብቻ ነው።

መጻሕፍቱ የሚሉት ሌላ ነው። ብር ብር ነው ይላሉ፤ ከየትም ይምጣ፣ የትም ይሂድ፣ አንዱ መቶ ብር ከሌላው መቶ ብር አይለይም። ይህን የጻፉት ሰዎች አባት እንዳልነበራቸው እጠረጥራለሁ።

የእኔ አባት ሰበታ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ሲሠራ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከታናሽ እህቴ ጋር ይኖራል። ታላቅ ወንድሜ ቡራዩ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል፤ መኪና አለው። እኔ ሱሉልታ ቤት ተከራይቼ መጣጥፍ እየጻፍኩ እኖር ነበር፤ መኪናም ንግድም ስለሌለኝ «ለታክሲ» በዋናነት የእኔ ድርሻ ነበር። በቤታችን አባት «አንተ» ነው የሚባለው፤ «አንቱ» የምንለው የማንቀርባቸውን ሽማግሌዎች ነው።

አባቴ ሁለት ዓይነት ብር አለው። አንደኛው ጡረታው ነው፤ በኮቱ የውስጥ ኪስ ያድራል። ሁለተኛው እኛ የምንልከው ነው፤ በእህቴ ስልክ ይገባል፣ ተመንዝሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ባለ የሻይ ቅጠል ጣሳ ይቀመጣል፣ ለጤፍና ለዘይት ይወጣል። በስልክ ብር ሲላክ «ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ወንድሜ እዚያ ላይ ነጥብ ያስገባል። አንዲት ነጥብ። አባቴ ይህን ቢያውቅ ለጣሳው የነበረው ንቀት ይብስበት ነበር። ከጣሳው ለራሱ ምንም አይነካም። የስኳር መድኃኒቱን የሚገዛው ከኪሱ ነው፤ «በሽታው የእኔ ነው» ይላል። ለእኛም የሚሰጠን ከኪሱ ነው። እህቴ አንድ ጊዜ ከጣሳው ወስዶ እንዲሰጠኝ ብትጠይቀው በጣም ተገርሞ አያት።

«የራሱን ብር መልሼ ብሰጠው ምን ሰጠሁት ይባላል?»

ልሄድ ስነሳ እሱም ይነሳል። ፀሐይ አናት እየበሳችም ቢሆን ኮቱን ይለብሳል። በሩ ላይ ስንደርስ ሊጨብጠኝ የፈለገ መስሎ እጄን ይይዛል፤ ሲለቀኝ መዳፌ ውስጥ ደቅቃ የታጠፈች አስር ብር ትቀራለች። «ለታክሲ ይሁንህ» ይላል። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ሽበት የወረሰኝ ሰውዬ፣ ጎንበስ ብዬ «ኑርልኝ አባባ» እላለሁ።

ችግሩ አስሯ ነበረች። አንድ ዘመን ከሰበታ ተነስታ አዲስ አበባን ታሻግረኝ ነበር፤ ለማስቲካም ይተርፋት ነበር። አሁን የትም አታደርስም። አባቴ ግን ይህን አያውቅም። የጤፍን ዋጋ ያውቃል፣ የሥጋውን ከሩቅ ይሰማል፣ ነጋዴ አምላክን አይፈራም ብሎ ያልፈዋል። ታክሲ ግን ሌላ ነው፤ ታክሲ ታሪፍ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ፊርማና ማኅተም ያለው ወረቀት ሳይቀርብለት አንዲት ቡሎን ከመጋዘን ያላወጣ ሰው ነው። ታሪፍ ያለው ነገር፣ መንግሥት ማኅተም ያሳረፈበት ነገር፣ እንዲሁ እንደ ሽንኩርት ተነስቶ ይወጣል ብሎ አላሰበም። እግሩ ስለሚያመው ሚኒባስ ከተሳፈረ ዓመታት አልፈዋል። ቤተ ክርስቲያንና ባንክ የሚሄደው በባጃጅ ነው፤ ባጃጁን ደግሞ እህቴ ቀድማ ትከፍልና «የሰፈር ልጅ ነው አባባ፣ ከአንተ አልቀበልም አለ» ትለዋለች።

እኔ ይሄ ነገር አልዋጥ አለኝ። አንድ ቀን ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አግኝቼ፣ ሽማግሌን ማታለል አክብሮት አይደለም አልኳት። ሰውን በውሸት ዋጋ ማኖር ማለት ከኑሮ ማስወጣት ነው፣ እውነቱን ነግረን እሱ ራሱ ይወስን፣ እና ሌላም ሌላም ብዙ አልኩ። መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ፣

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«ጥሩ ነው። ጻፈው። እዚህ ስትመጣ ግን ተቀብለህ ውጣ።»

ተቀብዬ ስወጣ ኖርኩ።

ከዚያ በአንዱ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከበሩ አልተመለሰም። «እግሬ ዛሬ ተፈታቷል፣ እስከ አስፋልቱ ልሸኝህ» አለ። ከእህቴ ጋር ተያየን። ፀሐዩን፣ አቧራውን፣ የጭነት መኪናውን ሁሉ እየጠራች ልታስቀረው ሞከረች፤ እሱ ኮቱን ቆልፎ ነበር።

የጅማ መንገድ ጠርዝ ላይ ቆምን። የፋብሪካ ፈረቃ የሚለወጥበት ሰዓት ስለነበር ሰው ይጋፋል። አንድ ሚኒባስ መጥቶ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «ዓለም ገና፣ ካራ፣ አየር ጤና! የሞላ!» ይላል። ገብቼ ተቀመጥኩ። አባቴ በመስኮቱ በኩል አስሯን ለረዳቱ ዘረጋ።

«የእሱን ያዝ። አየር ጤና ነው ወራጁ።»

ረዳቱ ብሩን ዘርግቶ አየው፤ ከዚያ አባቴን አየው። ክፉ ልጅ አልነበረም። ቀልደኛ ነበር፤ የባሰው እሱ ነው።

«ፋዘር፣ ይቺ እኮ ዓለም ገናም አታደርሰው። እዚችው ጥግ አዙሬ ላውርደው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። አባቴ አልገባውም።

«ታሪፉ ስንት ነው?»

«የቱ ታሪፍ ፋዘር? የድሮው ነው የአሁኑ?»

ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ ነበረች። ንግግሯ ደቡብ ተወልዳ ማደጓን ይናገራል፤ ጉልበቷ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ ቦርሳና የፋብሪካ ሽርጥ አስቀምጣለች። ሳቁ አላስደሰታትም። ገላምጣቸው ብሯን ወደፊት አቀበለች።

«ምን ያስቃል? አባት ናቸው። የሳቸውን ልጅ ከእኔ ላይ ውሰድ። አባባ፣ አይዘኑ እሺ፣ ተከፍሏል።»

ከልቧ ነበር። ረዳቱ ካደረገው ሁሉ ይልቅ አባቴን የመታው የእሷ ደግነት ነው። «ተከፍሏል» የሚለው ቃል እሱ ለሌላ ሰው የሚለው እንጂ ሌላ ሰው ለእሱ የሚለው አልነበረም። አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር ሊል ሲል ሹፌሩ ነዳው። ዞሬ ሳይ፣ አስሯ እጁ ላይ ተመልሳ፣ መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። አላጠፋትም። እንደተዘረጋች ነበረች።

ያን ቀን ሱሉልታ እስክደርስ ድረስ ራሴን ሳጽናና ሄድኩ። እንዲነገረው ስከራከርለት የኖርኩት እውነት ተነገረው፤ ያውም በነፃ። አሁን እንደ ሰው ተቀምጠን እንነጋገራለን፣ አስሯም ትቀራለች፣ ነገሩ ያበቃል ብዬ ነበር። ብዙ ያነበበ ሰው የሚሳሳተው እንደዚህ ነው።

በሚቀጥለው ስሄድ አባቴ አንዲት ቃል አላነሳም። ልወጣ ስል ግን ኮቱን ለበሰ፣ እጄን ያዘ፣ ሲለቀኝ መዳፌ ውስጥ ወፍራም ነገር ነበር።

«ይሄ ምንድነው አባባ?»

«ለታክሲ ነዋ። ተራው ጋ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ከዚህ አየር ጤና፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሱሉልታ። ልክ ነው፣ ያደርስሃል። የመምጫህም አለበት።» ኮቱን ቆለፈና፣ «ይሄን ያህል ጊዜ ባዶ እጄን ሳሰናብትህ ኖሬያለሁ። ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ።

ተቀበልኩ።

ወር ገደማ ሲያልፍ እህቴ ደወለች። ድምጿ ልክ አልነበረም።

«ወንድምዬ፣ አባባ ኪኒኑን እየከፈለ ነው።»

«ታዲያ መቼ ሌላ ሰው ከፍሎለት ያውቃል?»

«እየከፈለ ነው የምልህ! ለሁለት! በምላጭ!»

ዋጋ መስጠትንና ለሁለት ማድረግን በአንድ ግስ የሚጠራ ቋንቋ ነው ያለን። የቃል እጥረት ይመስለኝ ነበር። ቀድሞን የደረሰበት ነገር እንዳለ የገባኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ነው።

እህቴ ምላጩን ያገኘችው መታጠቢያው ጋ፣ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ ነው። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት ነበረበት። የእኔ የታክሲ መሄጃና መምጫ ተደምሮ ከጡረታው የሚበላውን በልቶ ለመድኃኒቱ የሚቀረው ግማሽ ብቻ ነበር። እሱም ግማሹን ይውጣል። በሳምንቱ መጨረሻ ሦስታችን ተሰብስበን ፊቱ ተቀመጥን። ወንድሜ ተቆጣ፣ እህቴ አለቀሰች፣ እኔ አስረዳሁ። አባቴ ሦስታችንንም በእኩል ትዕግሥት ሰማንና፣

«ፋብሪካው ዘይት ሲያጥረው ማሽኑን በግማሽ ዘይት እናሠራው ነበር» አለ።

«ከዚያስ ማሽኑ ምን ሆነ?» አለችው እህቴ።

«ጡረታ ወጣ።»

ሳቅን። አባቴም ሳቀ። ከዚያ መድኃኒቱ በዝቶበት እንደነበር፣ ግማሹ እንደሚበቃው፣ ሐኪሞች ሰውን ማስፈራራት እንደሚወዱ ነግሮን ወሬው ተዘጋ።

ወንድሜ ነጋዴ ነው፤ ለሁሉም ነገር መፍትሔው መግዛት ይመስለዋል። ከመድኃኒት ቤት የብዙ ወር ኪኒን ገዝቶ በካርቶን አመጣለት። አባቴ አመሰግናለሁ ብሎ ተቀበለ። በሳምንቱ ወንድሜ አባቴ ደጃፍ መኪናውን ሲያቆም፣ አጥር የሚያዋስኑን፣ ኦቦ የምንላቸው፣ እንደ አባቴ ስኳር ያለባቸው ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መኪናው መጡ።

«አካም ጂርታ፣ የኔ ልጅ! ገላቶማ! ያ መድኃኒት ጎበዝ ነው። አባትህ ነው ልጄ ለአንተ ብሎ ላከልህ ያለኝ። ዋቃ ይስጥህ!»

ወንድሜ «ምንም አይደለም ኦቦ፣ ይማርዎት» ከማለት ሌላ ምን ይበል? እንዲያውም ከዚያ በኋላ ለእሳቸው መግዛቱን ቀጠለ። በአደባባይ የተመሰገነበትን ነገር ማቆም አልቻለም።

እህቴ ደግሞ በድብቅ ኮቱ ኪስ ውስጥ ብር መክተት ሞከረች። አባቴ ኪሱን እንደ መጋዘኑ ያውቀዋል። በማግስቱ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብሎ ብሩን አውጥቶ ጣሳው ውስጥ ከተተው። ወንድሜ እንግዲህ ታክሲ ካልተያዘ የታክሲ አይሰጥም ብሎ እኔን በመኪናው እያመጣኝ ይመልሰኝ ጀመር። አባቴ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየው፣ በሹፌሩ መስኮት በኩል እጁን አስገብቶ፣ «ለቤንዚን ይሁንህ» አለ። ወንድሜ መንገድ ላይ ይህን እያነሳ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁን ግን አልጨረሰውም። ቤንዚን ከታክሲ ይወደዳል።

ስለዚህ መሄድ ቀነስን። ተነጋግረን የተስማማነው አይደለም፤ ዝም ብሎ ሆነ። እያንዳንዷ ጉብኝት በምላጭ የምትለካ ስትሆን፣ አባቱን የሚወድ ሰው አባቱን አይጠይቅም። አባቴ በስልክ «ጠፋህ» ይለኛል። «ሥራ በዛ አባባ።» «ታክሲው ነው እንዴ ያስቸገረህ?» ይለኛል፣ ተስፋ ባለው ድምፅ።

በመጨረሻ ብልህ የመሰለኝን አደረግኩ። የሱሉልታ ብርድ ጉልበቴን ጎዳው ብዬ ለሁሉም አወራሁና ሰበታ፣ ከአባቴ ቤት በጥቂት አጥሮች ርቀት ላይ ቤት ተከራየሁ። ስሌቱ ቀላል ነበር፦ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ለታክሲ አይሰጥም። የትም ሆኜ መጻፍ እችላለሁ። ያለ ውሸት፣ ያለ ልመና፣ ያለ ቁጣ የአባቴን መድኃኒት ሙሉ አደርገዋለሁ ብዬ ከዓመታት በኋላ ራሴን አደነቅኩት።

ዕቃዬን ያስገባሁ ቀን እሱ ቤት ምሳ በልተን ተነሳሁ። ተነሳ። ኮቱን ለበሰ። በሩ ላይ እጄን ያዘ፣ ሌላው እጁ እንደ ልማዱ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ገባ።

«ወዴት ነህ አሁን?»

«ቤቴ።»

«በእግርህ?»

«ያው ቆርቆሮው ይታያል እኮ አባባ። ያ ሰማያዊው።»

ወደ ቆርቆሮው አየ። እጁ ከኪሱ አልወጣም።

«ለ…» አለ።

ቃሉን ሲፈልግ ጠበቅኩት። ያኔ አንድ ስም ልሰጠው እችል ነበር፤ ለሻማ፣ ለክብሪት፣ ለቤት ማሟቂያ። ማሸነፌን ፈልጌ ነው መሰለኝ ዝም አልኩ። እጄን ለቀቀው፤ መዳፌ ውስጥ ምንም አልቀረም።

«በሩን ገጥመህ ሂድ» አለና ተመለሰ።

እህቴ ምላጩ ላይ ዱቄት እንደማይታይ በደስታ ነገረችኝ። የስኳሩ ልክ ወረደ፤ ሐኪሙ አመሰገነው። አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ ኮቱን መልበስ ተወ፤ ከጀርባው ባለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ስገባ ቀና አይልም፣ ስወጣ አይነሳም። እንደ ቤቱ ድመት እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ከመጻሕፍቴ አንዱን ሳነብለት እንቅልፍ ይወስደዋል። ወንድሜም መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ሹልክ ብሎ መውጣት ተምሯል። ሦስታችንም አባታችን በጤናው ነው እንላለን፤ ውሸት አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ሳለ፣ ለምን እንደሆነ ሳላስብበት፣ «ነገ ከተማ ጉዳይ አለኝ» አልኩት። ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።

ቀና አለ።

«ከተማ የት?»

«አየር ጤና አካባቢ። ማተሚያ ቤት።»

«በስንት ሰዓት?»

ጠዋት ስደርስ ኮቱን ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እህቴ ገበያ ሄዳለች። እስከ አስፋልቱ እግሩን እየጎተተ ሸኘኝ፤ መንገድ ላይ ያገኛቸውን ሁሉ «ልጄ ለሥራ ከተማ ሊገባ ነው፣ ላሳፍረው ነው» ይላቸዋል። ሚኒባሱ ሲቆም ከእኔ ቀድሞ ረዳቱን ጠራው።

«የእሱን ያዝ። አየር ጤና።»

ረዳቱ ሌላ ልጅ ነበር። ብሩን ሳያየው ጣቱ መሐል ከተተና «እሺ ፋዘር» አለ። አባቴ በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘ፤ ሲለቀኝ የመመለሻው መዳፌ ውስጥ ነበር። ትከሻውን አስፍቶ ቆሞ መኪናው እስኪርቅ አየን። ዓለም ገና ስንደርስ ረዳቱ «ሒሳብ!» እያለ ሁሉንም ሰበሰበ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ዘለለኝ።

አየር ጤና ወርጄ የምሄድበት ስለሌለኝ ተራው ላይ ትንሽ ቆምኩ። ብሩን ለሌላ ነገር ማዋል አልቻልኩም። በስሙ ሰበታ ተመለስኩበት።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ እህቴ መታጠቢያው ጋ፣ ጠርዙ የነጣ ምላጭ ወደ ብርሃን አንስታ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። አልዞረችም።

«ወንድምዬ» አለችኝ፣ «ትናንት ገበያ ስሄድ፣ አንተ የት ሄደህ ነበር?»